መብራቱ ጠፋ! ለልጆቻችሁ የሙረባዕን ተረት የመሥራት መመሪያ

ሪያድ ተወልዶ የሚያድግ ልጅ ቀኑን በዓረብኛ ይውላል፣ ካርቱኑን በእንግሊዝኛ ያያል፤ ለአማርኛ የምትተርፈው ከእራት በኋላ ያለችው ሰዓት ናት። ይህችን ሰዓት «በአማርኛ መልስልኝ!» እያሉ በቁጣ ከመጨረስ በተረት መሙላት ይሻላል። እኔ የምመክረው አንድ ዓይነት ተረት ነው፦ አስማተኛ ልጅ የሚጠፋበት፣ ልጃችሁ በሚያውቀው ሰፈር የሚፈጸም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃላት ጨዋታ የሚሄድ። የቃላት ጨዋታ የሚያስቀው ሁለቱንም ፍች ለሚያውቅ ሰው ነው። ልጁም ሳቁ እንዳያመልጠው ሲል ያላወቀውን ፍች ራሱ ይጠይቃችኋል፤ የተጠየቀ ቃል ደግሞ ከተሰበከ ቃል ይልቅ ይያዛል።

ሰፈሩ ሙረባዕ ይሁን። በአጭር የእግር መንገድ ውስጥ ከሰማይ የወደቀ ብረት፣ የጭቃ ቤተ መንግሥትና ግዙፍ የውሃ ማማ የሚገኝበት ሌላ ቦታ ሪያድ ውስጥ አላውቅም።

መጀመሪያ፦ ቦታውን በእግር ዙሩት

ተረቱን ከማውራታችሁ በፊት ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት፣ አመሻሽ ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ሰኔና ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ልጁ የሚያስታውሰው ጥማቱን ብቻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ሥራ በጀመረው ሜትሮ ተሳፈሩና «ብሔራዊ ሙዚየም» ጣቢያ ውረዱ። ባቡሩ ያለ ሹፌር እንደሚሄድ ለልጁ ንገሩት፤ ግማሹ አስማት ከዚያው ተገኘ ማለት ነው።

ስትወጡ የምታገኙት የንጉሥ አብዱልዓዚዝ ታሪካዊ ማዕከል ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1999፣ ንጉሡ ሪያድን የያዙበት መቶኛ ዓመት በሂጅራ አቆጣጠር ሲከበር ነበር። የብሔራዊ ሙዚየሙን ንድፍ የሠራው ካናዳዊው ሬይመንድ ሞሪያማ ነው፤ ረጅሙን ጥምዝ ግድግዳ ያሰበው የቀይ አሸዋ ክምርን ጠርዝ ተከትሎ ነው። የመግቢያውን ሰዓት አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ምክንያቱም ውስጡ ያለውን ብረት ልጁ በዓይኑ ማየት አለበት። ይህ ብረት ከጠፈር ወርዶ በሩብ አል ኻሊ በረሃ፣ ዋባር በሚባለው ቦታ ያረፈ፣ ከ2,000 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ በቅርጹ «የግመል ሻኛ» የተባለ ነው። ልጅን ከእንዲህ ያለ ነገር ፊት አቁማችሁ አትቸኩሉ።

ከዚያ ወደ ሙረባዕ ቤተ መንግሥት እለፉ። ንጉሥ አብዱልዓዚዝ ከአሮጌዋ ከተማ ቅጥር ውጭ በጭቃ ጡብና በእንጨት አሠርተውት እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ እስካረፉበት እስከ 1953 ድረስ ኖረውበታል። በመጨረሻም በአል ወጠን መናፈሻ የቆመውን የውሃ ማማ አሳዩት፤ ቁመቱ 61 ሜትር ያህል ነው፣ ከታች ጠቦ ከላይ ይሰፋል።

እየዞራችሁ ልጁ ጣቱን የቀሰረበትን ሁሉ በአማርኛ ጥሩለት። እርግብ፣ ዘንባባ፣ ጡብ፣ ማማ፣ ሻኛ። ተረቱ ውስጥ የሚገቡት ቃላት ልጁ በዚያ ቀን የሰማቸው ይሁኑ። ያልሰማውን ቃል ማታ ላይ ስታመጡበት ጨዋታው ፈተና ይሆንበታል።

ሁለተኛ፦ ለሚጠፋው ልጅ ስም ፈልጉ

ጥሩ ስም ካገኛችሁ ተረቱ በግማሽ አለቀ። እኔ የመረጥኩት «መብራቱ» ነው። በሰማይ የተወለደ፣ ሲስቅ የሚበራ፣ ሲፈራ የሚደበዝዝ ልጅ ነው እንበል። እናቱ «መብራቱ ጠፋ!» ብላ ስትጮኽ የሰማይ ጎረቤቶች ሁሉ «እኛም ቤት ጠፍቷል እንዴ? ቆጣሪውን እዩት! ሻማ አምጡ!» ይላሉ። ስሙም ግሡም አንድ ፊደል ሳይለወጥ ሁለት ነገር ይናገራሉ።

ለሴት ልጅ ተረት ስትሠሩ «ፀሐይ» ትስማማለች። «ፀሐይ ወጣች!» ሲባል እናት ደንግጣ በር በሩን ታያለች፣ አያት ግን «ይነጋል ብዬ አልነበር?» ብለው ብርድ ልብሳቸውን ያጥፋሉ። «ሰላም» የሚለውን ስም ግን ለዚህ ተረት አትምረጡት። «ሰላም ጠፋች» የሚለው ቃል ለልጁ ጨዋታ ቢሆን እንኳ ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ልብ ወደ ሌላ ይወስዳል።

አስማቱን አንድ ብቻ አድርጉት። የሚበርም፣ የሚሰወርም፣ ተራራ የሚያነሣም ልጅ ቢጠፋ ማንም አይሳሳለትም፤ ራሱን ያድናላ! መብራቱ ያለው ብርሃኑ ብቻ ነው፤ እሱም በሳቅ ይሠራል። ይህን ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ተረቱን የሚሰማው ልጅ ሲስቅ መብራቱ ይበራል ብላችሁ ደንግጉ። አድማጩ ካልሳቀ ጀግናው በጨለማ ይቀራልና ልጃችሁ ቀልዱን ለመያዝ ጆሮውን ይቀስራል።

ሦስተኛ፦ ሁለት ፍች ያላቸውን ቃላት ሰብስቡ

የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ተማሪዎች ዓመታት ፈጅተው የሚቀኙት በግዕዝ ነው። ሰምና ወርቁ፣ ኅብሩ ግን ከጉባኤ ቤት ወጥቶ በለቅሶውም በሠርጉም በአማርኛ ሲነገር ኖሯል፤ አማርኛ የሚናገር ቤተሰብ ሁሉ የዚህ ሀብት ወራሽ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ኅብሩን ነው፦ አንድ ቃል ሆኖ ሁለት ነገር የሚል። ለሙረባዕ ተረት እነዚህን አግኝቻለሁ።

«ሰማያዊ» ቀለምም ነው፣ ከሰማይ የሆነም ነው። በዚህ ሰፈር የሚያልፈው የሜትሮ መስመር ደግሞ ሰማያዊው ነው! ሪያድ ለአማርኛ ቃል ጨዋታ ይህን ያህል ትመቻለች ብሎ ማን ያስባል? «ወደቀ» ከላይ የመጣም ነው፣ ፈተና ያላለፈም ነው። «ማማ» ረጅሙ ግንብም ነው፣ እናትም ናት።

ሌላው ዓይነት በሁለት ቋንቋ መካከል የሚሠራ ነው፤ የሪያድ ልጆች ከአዲስ አበባ ልጆች የሚበልጡበት ጨዋታ እዚህ ላይ ነው። እዚህ ውሃ «ሞያ» ነው። በአማርኛ ደግሞ ሞያ ማለት እጅ ላይ ያለ ጥበብ ነው። እንግዲህ በውሃ የተሞላው ማማ ከሪያድ ባለሞያዎች ሁሉ የበለጠ ባለሞያ ነው። ሙረባዕ ራሱም ለአማርኛ ጆሮ «ረቡዕ»ን ይመስላል። ዓረብኛው ያሸንፈናል ብላችሁ የምትሰጉ ካላችሁ፣ በዚህ ጨዋታ ላይ ዓረብኛው የአማርኛው አጋዥ ሆኖ ታዩታላችሁ።

ቃሉን ከመያዛችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ ሞክሩት። አማርኛ የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ ስላለው በወረቀት ላይ የሰመረ ጨዋታ አፍ ላይ ሊፈርስ ይችላል። የቤተ መንግሥቱ «ግቢ» እና ለሴት ልጅ የምንላት «ግቢ!» በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ ስትናገሯቸው ግን የመጀመሪያው ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ይላላል፤ ልጁም ልዩነቱን ይሰማል። «ገና» የምንለው በዓልና «ገና ነው» የምንለውም እንዲሁ ናቸው። ይህ ተረት የሚነገር እንጂ የሚነበብ አይደለምና በጆሮ ያልጸናውን ተዉት። «ቴምር» እና «ቴምብር»ን የመሰሉ በድምፅ የሚጎራበቱ ቃላት ግን ይፈቀዳሉ፤ መስማት የተሳነው ወይም የቸኮለ ገጸ ባሕርይ ካለ ያምታታቸዋል።

አራተኛ፦ መንገዱን ለቃሉ ስጡት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ታሪኩን ይሠራና ቀልዱን በኋላ ይለጥፍበታል፤ ልጅ ደግሞ የተለጠፈ ቀልድ ያውቃል። የእኛ ተረት ውስጥ መብራቱን ከቦታ ወደ ቦታ የሚወስደው የቃሉ ሁለተኛ ፍች ይሁን። አንዱ በአንድ ፍች ይናገራል፣ ሌላው በሌላው ይሰማል፣ ልጁ ወደማይሆን ቦታ ይሄዳል። እንዲህ፦

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

«በሰማይ አገር መብራቱ የሚባል ልጅ ነበረ። እናቱ ወደ ምድር ለሽርሽር ስትወስደው ‹ልጄ፣ ድንገት ከጠፋህ ሙረባዕ እንገናኝ› አለችው። መብራቱ ግን ጅራታም ኮከብ እያባረረ ስለነበረ ‹ረቡዕ እንገናኝ› ያለችው መሰለው። ቀኑ ሐሙስ ነበር።»

እዚህ ላይ ቁሙ። ሐሙስ ማለታችሁ ለጥቅም ነው፤ ልጁ በጣቱ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ እያለ ይቆጥርና «ኧረ ብዙ ቀን ነው!» ይላል። የቀናቱን ስም በአማርኛ ለማስጠናት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

«ምድር ሲደርሱ መብራቱ ከእናቱ ጠፋ። ታዲያ ምን አስቸኮለው? እስከ ረቡዕ ብዙ ቀን አለው! ሲንከራተት አንዲት እርግብ አገኘችው። ‹በየት መጣህ?› ‹በሰማያዊው መስመር።› ‹እንግዲያው ጣቢያው ያውልህ!› አለችው። ወርዶ ተሳፈረ፤ ሹፌር ቢፈልግ የለም፣ የሰማይ ሠረገላ መሰለው። ብሔራዊ ሙዚየም ሲደርስ ወረደ።

ሙዚየሙ ውስጥ ግመል የሚያህል ብረት ተቀምጧል። ‹አባባ፣ እርስዎም የሰማይ ሰው ነዎት?› ብሎ ጠየቀው። ብረቱ በወፍራም ድምፅ ‹አዎ ልጄ፣ ወድቄ ነው› አለው። መብራቱ አዘነለትና ‹አይዞዎት አባባ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያልፋሉ!› አለው።»

ልጁ ትምህርት ቤት የገባ ከሆነ እዚህ ላይ ይስቃል፤ መብራቱም ይበራል። ካልሳቀ አትግለጡለት፤ «ምነው መብራቱ ደበዘዘሳ?» በሉና እለፉ።

«ወደ ጭቃው ቤተ መንግሥት ሲደርስ በሩ ላይ አንድ ወፍራም ድመት ተጎልቷል። ‹የዚህ ቤት ሹም እኔ ነኝ!› አለ። ‹ቤቱ ከምን ተሠራ?› ‹ከጭቃ።› ‹እንግዲያው ጭቃ ሹም ነዎታ!›»

ይህችኛዋ ለልጁ ሳትሆን ክፍሉ ውስጥ ላለችው አያት፣ ወይም በስልክ ለምታዳምጠዋ አክስት ናት። በየተረቱ አንዲት እንዲህ ያለች ቃል አስቀምጡ። አያት ከት ብላ ስትስቅ ልጁ «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» ይላል፤ የድሮ ባላገር አስተዳደርና የጭቃ ሹም ወግ በዚያች ሳቅ በኩል ይገባል።

«ድመቱ ‹ማንን ነው የምትፈልገው?› አለው። ‹ማማን!› ‹ማማንማ አውቃታለሁ። በጣም ረጅም ናት፣ ቆማ ነው የምታድረው።› ‹የእኔዋ ማማ ግን ተኝታ ነው የምታድረው።› ‹ሆዷ በውሃ የተሞላ ነው።› ‹እንዴ!› ‹ባለሞያም ናት!› ‹እሱስ ልክ ነው፣ የእኔ ማማ ባለሞያ ናት› አለና መብራቱ ሮጠ።»

ልጁ እዚህ ላይ ከመብራቱ ቀድሞ ያውቃል፤ «የውሃው ማማ ነው!» ብሎ ይጮኻል። ጀግናው ያላወቀውን ማወቅ ለልጅ ትልቅ ደስታ ነው፣ አታቋርጡት።

አሁን የተረቱ ቁልፍ ይመጣል፦ የተሳሳተው ቦታ ትክክለኛው ቦታ ሆኖ ይገኝ። መብራቱ ማማው አናት ላይ ወጥቶ እናቱ እንዳልሆነች ሲያይ ሊያለቅስ ይላል፣ ብርሃኑም ቅንጣት ታህል ትቀራለች። በዚህ ጊዜ የመጨረሻው ሳቅ ያስፈልጋል፤ አድማጩን ልጅ «አንተ አስቀው እስቲ!» በሉት። የፈለገውን ይበል፤ የራሱን የቃላት ጨዋታ ቢፈጥር ደግሞ ሌሊቱ የእሱ ሆነ። መብራቱ ቦግ ይላል። ማማ ላይ የበራ ብርሃን ከሰማይ ይታያልና እናቱ ትወርዳለች። «ሙረባዕ እንገናኝ አላልኩህም?» «ረቡዕ መቼ ደረሰና!» ከዚያ ከላይ እስከ ታች፣ እርግቧም፣ ብረቱም፣ ጭቃ ሹሙም በአንድ ድምፅ «መብራቱ መጣ!» ይላሉ። የአዲስ አበባ ልጆች ኤሌክትሪክ ሲመለስ እንዴት እንደሚጮኹ ለልጃችሁ ንገሩት፤ አብራችሁም ጩኹ።

አምስተኛ፦ ፍርሃቱን በጥንቃቄ ያዙት

መጥፋት ለልጅ ቀልድ ብቻ አይደለም። ይህን ተረት ስትሠሩ ልጁ አንድ ቀን በሐሙስ ምሽት ግርግር ውስጥ እጃችሁን ቢለቅ ምን እንደሚያደርግም እያለማመዳችሁት ነው። ስለዚህ ከላይ መንገድ የሚያመለክቱት እርግብ፣ ብረትና ድመት የሆኑት በከንቱ አይደለም። የማይታወቅ ሰው መብራቱን «ና ልውሰድህ» ብሎ ከቦታው እንዲወስደው አታድርጉ፤ ልጁ ተረቱን ይቀዳዋልና።

አንድ ሕግም ጨምሩ፦ የመብራቱ ብርሃን ለእናቱ የሚታየው ሲቆም ብቻ ነው፤ ሲሮጥ አይታይም። ማማው ላይ የተገኘውም ስለቆመ ነው። በማግስቱ መናፈሻ ስትሄዱ «መብራቱ ከጠፋ ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ጠይቁት። «ይቆማል!» ይላል። ከዚያ ቀጥሉ፦ የእናቱን ወይም የአባቱን ሙሉ ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፤ የደንብ ልብስ የለበሰ ጥበቃ ወይም ልጆች የያዘች እናት ካየ ከቆመበት ሳይርቅ ይነግራቸዋል፤ ስልክ ቁጥራችሁን በቃሉ ይዟል። ቁጥሩን በዜማ አስጠኑት፣ በአማርኛም በዓረብኛም፤ የሚረዳው ሰው የሚሰማው በዓረብኛ ሊሆን ይችላል። ሪያድ ውስጥ የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩ 911 ነው። ትንሽ ልጅ ከሆነ ስትወጡ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ አኑሩ።

ሙረባዕ ስትባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የምትመጣልን የፓስፖርት መሥሪያ ቤቷ ጀዋዛት ናት። ከተረቱ አውጧት። የመኖሪያ ፈቃድ (ኢቃማ) እና የወረቀት ጭንቀት ልጆች ጆሮ ውስጥ ከምናስበው በላይ ገብቷል፤ መብራቱ ወረቀት ተጠይቆ የሚደነግጥበት ተረት የሚያስተኛ አይሆንም። «ቴምብር» ሲባል «ቴምር» የሚያቀርብ ልጅ ካማራችሁ ቦታውን የሰማይ ፖስታ ቤት አድርጉት።

ስድስተኛ፦ አወራሩ

አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ሲያወሩ ለእያንዳንዱ እንስሳ የራሱን ድምፅ ይሰጡ ነበር፤ ምትሐትም ያሳዩ ነበር። እናንተም ቢያንስ ድምፁን አትንፈጉት። ብረቱ ይጎርንን፣ እርግቧ ትቸኩል፣ ድመቱ ይኩራ። ባለ ሁለት ፍቹ ቃል ላይ ስትደርሱ ድምፃችሁን ከፍ አታድርጉ፤ ከፍ ካደረጋችሁ «አሁን ሳቅ» ማለት ነው። እንደ ማንኛውም ቃል ተናገሩትና ትንፋሽ ያህል ዝም በሉ። ልጁ ራሱ ያግኘው።

ካላገኘውስ? ዛሬ ይለፈው። በማግስቱ ሁለተኛውን ፍች በሕይወቱ ውስጥ አምጡለት፦ ቡና እየተፈላ «አክስትህ እኮ ባለሞያ ናት፣ ቡናዋን ቅመስ» በሉ። ማታ ላይ ያው ተረት ሲመጣ ዓይኑ ሲበራ ታያላችሁ። አንድን ተረት ደጋግሞ ማውራት ችግር የለውም፤ ለቃላት ጨዋታ ደግሞ ድግግሞሽ ያስፈልገዋል።

በመካከል እንቆቅልሽ ጣሉበት። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ?» «ቆሞ ያድራል፣ ሆዱ ውሃ ነው፣ ልጅ ሲጠራው እናት ይመስላል።» ልጁ ካላወቀ አገር ይስጣችሁ። የእኛ ዘመን ልጆች ጎንደርን፣ ሐረርን ሰጥተው ይገላገሉ ነበር፤ የሪያድ ልጅ ጂዳን ወይም ደማምን ይሰጣል፤ «አገር አይበቃኝም፣ ከነባሕሩ!» ብላችሁ ተከራከሩት። ከዚያም እሱ ይጠይቃችሁ፣ እናንተ ላሊበላን ስጡት። ላሊበላ የት ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

የዓረብኛ ቃል ቢቀላቅል አታርሙት። ጨዋታው ሁለቱንም ይፈልጋቸዋል፤ ስታርሙት ግን የቃሉ ባለቤት መሆኑን ትነጥቁታላችሁ።

ሰባተኛ፦ ተረቱን አስረክቡ

ልጁ ተረቱን ከያዘው በኋላ ለአያቱ በድምፅ መልእክት ያውራላት። አያት አገር ቤት ሆና ማማውንም ሜትሮውንም አላየችም፤ ስለዚህ ልጁ በአማርኛ ሊያስረዳት ይገደዳል፣ ለዚያ ያደረሰው ደግሞ ተረቱ ነው። እሷም የምትመልስለት አላት፦ ስንዝሮን ታውራለት። ስንዝር የማይሞላው ያ ብልጥ ልጅ ለመብራቱ የሚገባ ጓደኛ ነው፤ በሚቀጥለው ምሽት ሁለቱ አብረው ይጥፉ።

ለሁለተኛው ተረት ቦታ ካስፈለጋችሁ በዚያው ሰማያዊ መስመር ላይ ባጥሃ አለች። ፈጠን ብላችሁ ስትጠሯት ለአማርኛ ጆሮ «ባጣ» ትመስላለች። ስንዝሮ «እናቴን ባጣ የት እሄዳለሁ?» ብሎ ሲጨነቅ እርግቧ «ባጣ ከሆነማ በባቡር ነው የሚኬደው» ትበለው። የቀረውን ልጃችሁ ይቀጥለው።